ከትናንት ሌሊት ጀምሮ 4 አረጋውያን እያስመለሱ ነው፤ ዛሬ ማታ ተረኛው እኔ ነኝ

የአዳር ፈረቃ

ሰላም ለዚህ ቤት። በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ተንከባካቢ ነኝ። ትናንት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አንዲት እናት በድንገት አስመለሱ። እራቱ አልተስማማቸው ይሆናል ብዬ አጽድቼ ዝም አልኩ። 9 ሰዓት ላይ ከፊት ለፊት ክፍል ያሉት አባት ተከተሉ። ሲነጋጋ ሌሎች ሁለት ሰዎች አስቀመጣቸው፤ ረፋዱ ላይ እነሱም አስመለሱ። አንዲት የቀን ባልደረባዬም "ሆዴን ይቆርጠኛል" እያለች ስትሠራ ዋለች። ሰው ስለሌለ ማንም "ሂጂ ቤትሽ" አላላትም።

ኃላፊያችን የላብራቶሪ ውጤት እስኪመጣ እንታገስ ብሏል። በየበሩ የተሰቀለውን ሳኒታይዘር አብዝታችሁ ተጠቀሙ ተብለናል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከ3 ሰዓት በኋላ እገባለሁ። የመጀመሪያውን ሰዓት በምን ላይ ላጥፋው? የምታውቁ እባካችሁ።

---

ሲስተር ነኝ

ወንድሜ፣ ላብራቶሪ አትጠብቅ። ውጤቱ ሲመጣ ግማሹ ፎቅ ተኝቶ ታገኘዋለህ። እኛ የምንይዘው ሕግ አጭር ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው በተቀራራቢ ጊዜ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ ወረርሽኝ ብለህ ያዘው። የአንተ ሰዓት መቁጠር የጀመረው ትናንት ከሌሊቱ 9 ላይ ነው፣ ሁለተኛው ሰው ሲያስመልስ።

የነገርከን ነገር "ኖሮ" የሚባለውን፣ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣውን ቫይረስ ይመስላል። ካፕላን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት መለኪያ ዛሬም ይሠራል። ከታመሙት ከግማሽ በላይ ያስመልሳሉ። ከተጋለጡ በኋላ እስኪታመሙ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል። ሕመሙ ከ12 እስከ 60 ሰዓት ይቆያል። ሰገራ ሲመረመር ባክቴሪያ አይገኝም። ከእነዚህ አንዳንዶቹን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግህም፤ እስክሪብቶ ይበቃል።

ስለዚህ ስትገባ መጀመሪያ ወረቀት ያዝ። ማን ታመመ፣ በየትኛው ክፍል፣ መቼ ጀመረው። ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱን ጻፍ። ትውከት ነው ወይስ ተቅማጥ? ትኩሳትስ አለ? ደምስ? የታመሙ ሠራተኞችንም እዚያው ላይ አስገባቸው። ብዙ ቦታ የሚረሱት እነሱ ናቸው። ነገ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ሲደውል የምታነብለት ይህችን ወረቀት ነው። መደወሉንም ለነገ አታሳድረው።

ከዚያ የታመሙት ከክፍላቸው አይውጡ፤ ምግባቸውም እዚያው ይምጣላቸው። ሁለት ከሆናችሁ አንዳችሁ የታመሙትን ብቻ ያዙ፣ ሌላው ያልታመሙትን። ሁለታችሁም ወዲያና ወዲህ ካላችሁ በሽታውን በእግራችሁ እያደላችሁት ነው። ወደ ሌላ ፎቅ "እስኪ ትንሽ አግዙን" ቢሏችሁም እምቢ በሉ።

የሰገራ ናሙና ከ5 ሰው ያህል፣ ሕመሙ በጀመረ በ2 እና በ3 ቀን ውስጥ ይወሰድ። ግን ሥራው ናሙናውን አይጠብቅም።

ባልደረባህን አሁኑኑ ወደ ቤት። ምልክቱ ከቆመ በኋላ 48 ሰዓት ሳይሞላ አትመለስ።

---

ተጠራጣሪው

ሲስተር ይቅርታ፣ ግን ለምን ቀጥታ ወደ ቫይረስ ሮጥን? ሁሉም የበሉት አንድ ወጥ ቤት ነው። እኔ ምግቡን ነው የምጠረጥረው።

---

ማዕድ ቤት

አይ፣ መቼስ እኛን ሳይከስ የሚያድር ሰው የለም! በማዕከል ወጥ ቤት ስንት ዓመት ሠርቻለሁ። ሆድ በታመመ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጡት ወደ ድስቱ ነው።

ሰዓቱን እዩት። ምግብ ውስጥ መርዙን ጥሎ የሚጠብቅ ባክቴሪያ ቢሆን፣ ለምሳሌ ስታፊሎኮከስ፣ ከተበላ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የበሉት አብረው ይወድቁ ነበር። እዚህ ግን አንዱ በሌሊት፣ አንዱ ከ2 ሰዓት በኋላ፣ ሌሎቹ ሲነጋ። ያውም የፊት ለፊት ክፍል! ድስት የክፍል ቁጥር አይመርጥም።

በእርግጥ ቫይረሱ በእኛም በኩል ሊገባ ይችላል፣ እሱን አልክድም። የታመመ አብሳይ ሰላጣ ከነካ አለቀ። ስለዚህ እኛ ቤት ሆዱን የታመመ ሰው ቢላዋ አይነካም፣ ሲሻለውም 48 ሰዓት ይቆጥራል። ያልተሸፈነ ምግብ አጠገብ ሰው ካስመለሰ ደግሞ ምግቡ ይደፋል። "ያሳዝናል" ብሎ ማትረፍ የለም።

---

ተጠራጣሪው

እሺ፣ የክፍል ቁጥሩ አሳመነኝ። 😄 እኔ ግን እንዲህ ያለ ወረርሽኝ 3 ጊዜ አሳልፌያለሁ፣ አንድም ቀን አልያዘኝም። ትንሽ አልተጋነነም?

---

ሲስተር ነኝ

ዕድለኛ ነህ፣ ምናልባትም ተወልደህበት ይሆናል። ብዙዎቹ የኖሮ ዓይነቶች አንጀት ላይ የሚጣበቁት በአንድ ዓይነት ስኳር ነው። ኤፍዩቲ2 የሚባለው ጂን በማይሠራባቸው ሰዎች ላይ ያ ስኳር አንጀታቸው ውስጥ የለም። ታዲያ ብዙዎቹ ዓይነቶች አይዙዋቸውም፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ሌላም ዕድል አለ። ሳያምህ ተሸክመኸው ዞረህ ይሆናል። ይኼኛው ብዙ አያኮራም።

ለጤነኛ ጎልማሳ 2 ቀን መተኛት ነው። ለ85 ዓመት ሰው ግን የሚገድለው ቫይረሱ ሳይሆን ድርቀቱ፣ ትን ያለው ትውከት፣ ወይም ወደ መጸዳጃ ሲሮጡ መውደቁ ነው።

---

ጓንት ለባሽ

አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ለኖሮ ሳኒታይዘር አይበቃም ሲባል እሰማለሁ። በኮሮና ጊዜ ሳኒታይዘር እጃችን ላይ ቆዳ እስኪልጥ ተቀባን። ያኔ የሠራው አሁን ለምን አይሠራም? ኃላፊውም እኮ ዝም ብሎ አላለም።

---

ሲስተር ነኝ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ኃላፊውንም አልፈርድበትም። የኮሮናና የኢንፍሉዌንዛ ቫይረሶች ከላይ የቅባት ካፖርት ለብሰዋል። አልኮል ያንን ካፖርት ያሟሟዋል፣ ቫይረሱም ይፈርሳል። ኖሮ ግን ካፖርት የለውም። ያለው ጠንካራ የፕሮቲን ቅርፊት ብቻ ነው። አልኮል ብዙም አይጎዳውም።

ሳሙናና ውኃም ቢሆን አይገድለውም እኮ። ሳሙና የሚያደርገው ከእጅ ማላቀቅ ነው፣ ውኃው ይዞት ይሄዳል። ለዚህ ነው ማሸቱ ዋናው። ቢያንስ 20 ሰከንድ፣ በጣቶች መሐል፣ አውራ ጣት፣ ጥፍር ሥር። ጓንት ስታወልቅም ታጠብ። ጓንት እጅን ንጹሕ ያደረገ ይመስላል እንጂ ሲወልቅ ነው የሚያቆሽሸው።

ለማሳመም የሚበቃው ከ100 ያነሰ ቅንጣት ነው። የታመመ ሰው ሰገራ ውስጥ ደግሞ በቢሊዮን የሚቆጠር አለ። ስለዚህ "በደንብ ታጥቤያለሁ መሰለኝ" አይበቃም።

---

ቀዩ ባልዲ

ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። እዚህ ስለ እጅ ብዙ ተባለ፣ ስለ ወለሉ ማንም አላነሳም። እንደተለመደው።

ሰው ሲያስመልስ የምታዩት ከመሬት ላይ ያለውን ብቻ ነው። የማይታየው በአየር ይረጫል፣ ሰውም ይተነፍሰውና ይውጠዋል። አንድ ሆቴል ውስጥ እራት ላይ አንዲት ሴት አስመልሳ ነበር። በኋላ ሲጠና ወደ እሷ በቀረበ ጠረጴዛ የተቀመጡት ይበልጥ ታመሙ፣ ራቅ ያሉት ያነሰ። ስለዚህ ትውከት ስታጸዱ ጓንትና የፕላስቲክ ሽርጥ ብቻ አይደለም፣ ማስክም አድርጉ። ሌላውን ሰው መጀመሪያ ከአካባቢው አርቁ።

እኔ የማደርገው ይኸውና። የሚመጥ ወረቀት አልብሰዋለሁ፣ ከዳር ወደ መሐል ሰብስቤ ከረጢት ውስጥ፣ ከረጢቱን አስሬ ሌላ ከረጢት ውስጥ። ከዚያ በሳሙና አጥባለሁ። በረኪናው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው! ቆሻሻ ላይ በረኪና ብታፈሱ ቆሻሻው ጉልበቱን ይበላዋል፣ ቫይረሱ ይተርፋል። ብዙ ሰው ቀጥታ ይደፋና ሽታው ሲያውደው የጸዳ ይመስለዋል።

መጠኑን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም "ትንሽ ጣል አርጉበት" የሚባል መጠን የለም። የጠርሙሱን ጽሑፍ እዩ። 5 በመቶ ከሆነ፣ 20 ሚሊ ሊትር በረኪና ላይ ውኃ ጨምራችሁ 1 ሊትር ስትሞሉት 1,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 1,000 እጅ) ይሆናል። 100 ሚሊ ሊትር ካደረጋችሁት 5,000። ለኖሮ የሚፈለገው በእነዚህ ሁለቱ መሐል ነው። ትውከትና ሰገራ የነካው ቦታ ላይ እኔ ወደ ላይኛው አደላለሁ። ከዚያ ቢያንስ 5 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ቀብቶ ወዲያው መወልወል ልፋት ብቻ ነው። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፤ ያደረ ውሁድ ጉልበት የለውም። መስኮት ክፈቱ። ከመጸዳጃ አሲድ ጋር ወይም ከአሞንያ ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። አንድ ባልደረባዬ "እጥፍ እንዲያጸዳ" ብላ ሁለቱን ደባልቃ፣ ስታስል ከክፍሉ ጎትተን አውጥተናታል።

ደግሞ ከንጹሕ ወደ ቆሻሻ ሂዱ። መጸዳጃው መጨረሻ። የታመመ ክፍል የገባ ጨርቅና መወልወያ ጤነኛ ክፍል አይግባ። እጅ የሚነካውን አትርሱ፤ የደረጃ መደገፊያ፣ የጥሪ ደወል፣ የመብራት ማብሪያ፣ ሪሞት፣ የዊልቸር እጀታ። ሪሞቱን ማንም አያጸዳውም። ማንም! አንሶላ ስትገፍፉ አታራግፉት፣ ጠቅልላችሁ እዚያው ክፍል ውስጥ ከረጢት ውስጥ ክተቱት። ሽንት ቤት ውኃ ስትለቁ ክዳኑን ዝጉ።

---

የአዳር ፈረቃ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ከእረፍት ክፍል ሆኜ ነው የምጽፈው። ወረቀቱን አዘጋጀሁ። አሁን 7 ሆነዋል፣ 2 ሠራተኛን ጨምሮ። ስሞላው ግን አንድ ነገር ታየኝ። ትናንት መጀመሪያ ያስመለሱት እናት እና እኚያ አባት ከሰዓት በፊት አብረው የእጅ ሥራ ክፍል ነበሩ። እዚያው የነበሩ ሌሎች 3 ሰዎች ገና ደህና ናቸው፤ ነጥያቸው እየተከታተልኩ ነው።

ሁለት ችግር አለብኝ። አንደኛ፣ አንዲት የመርሳት ሕመም ያለባቸው እናት ታመዋል፣ ግን ክፍላቸው አይቀመጡም። ይወጣሉ፣ የሰው በር ይከፍታሉ። በሩን ልቆልፍ? ሁለተኛ፣ አባት ምንም መጠጣት አይፈልጉም። "አልጠማኝም" ነው የሚሉት። ዛሬ ደግሞ ትንሽ ይቀባጥራሉ፣ እሳቸው እንዲህ አይደሉም።

---

ሲስተር ነኝ

አባትን አስቀድም። መቀባጠሩ አዲስ ከሆነ ያ ቁም ነገር ነው። አሁኑኑ ለተረኛ ሐኪም ደውል፣ እስኪነጋ አትጠብቅ። በዚህ ዕድሜ የጥም ስሜት ይደክማል፣ "አልጠማኝም" ማለታቸው ምንም አያረጋግጥም። ቆዳቸውን ቆንጥጠህ አትፍረድ፣ የአረጋዊ ቆዳ ድሮም ቶሎ አይመለስም። ምላሳቸውን እይ፣ ደርቋል? የሽንታቸው ቀለምስ? ከሰዓት ጀምሮ ስንት ጊዜ ሸኑ? ሲነሡ ዓይናቸው ይጨልማል?

ኦአርኤስ (ድርቀትን የሚተካውን የጨውና የስኳር ዱቄት) በጥብጥላቸው፤ አብዛኛው ፓኬት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፣ ግን ጽሑፉን አንብብ። በኩባያ ሳይሆን በማንኪያ፣ በየ2 ደቂቃው። ካስመለሳቸው 10 ደቂቃ አርፈህ እንደገና በዝግታ ጀምር። 24 ሰዓት ያለፈውን ድፋው። የመዋጥ ችግር ካለባቸው ወይም ልብና ኩላሊት ታመው ፈሳሽ የተወሰነላቸው ከሆነ ሐኪሙን ሳትጠይቅ መጠን አታብዛ። ሲተኙ በጎናቸው።

ስትደውል የመድኃኒት ዝርዝራቸውን በእጅህ ያዝ። የሚያሸና ክኒን፣ አንዳንድ የደም ግፊት ክኒን፣ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ሕመም ክኒን፣ እነዚህ በደረቀ ሰውነት ላይ ኩላሊት ሊጎዱ ወይም ራሳቸው አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ለጊዜው ይቋረጡ አይቋረጡ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ አንተም እኔም አይደለንም። ግን ሳይጠየቅ አይወስንም፣ ስለዚህ ጠይቀው። ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒንም በራስህ አትስጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከታመሙት ውስጥ በቅርቡ አንቲባዮቲክ የወሰደ ካለ ለሐኪሙ ንገር። ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው ሌላ ጣጣ አለ። እሱ ብዙ ጊዜ ያለ ትውከት ነው፣ ሕክምናውም የተለየ።

---

የእናቷ ልጅ

ስለ በር መቆለፉ እኔ ልናገር። እናቴ የመርሳት ሕመም አለባት። የነበረችበት ማዕከል እንዲህ ያለ በሽታ ሲገባ በሩን ዘግተውባት ነበር። 5 ቀን። እኔንም አላስገቡኝም። ስወጣ ስገባ ስልክ ላይ "ደህና ናት" ብቻ ነበር የሚሉኝ። ስገናኛት በሩን ስትደበድብ እጇ አብጦ ነበር።

በሽታው እንዳይዛመት መፈለጋቸው ይገባኛል። ግን እባክህ ወንድሜ፣ አትቆልፍ።

---

ሲስተር ነኝ

እኔም አትቆልፍ ነው የምለው። ላልገባው ሰው ዝግ በር እስር ነው፤ ያስፈራቸዋል፣ ይወድቃሉ፣ መጠጥም ያቆማሉ። ከተቻለ አንድ ሰው አብሯቸው ይሁን። ካልተቻለ የታመሙት ክፍሎች ያሉበትን አንድ ጫፍ ለእነሱ ስጡ፣ እዚያ ይዘዋወሩ። እጃቸውን እየያዝክ በየጊዜው በሳሙና አሳጥባቸው። የሚነኩትን ተከትሎ የሚያጸዳ ሰው መመደብ በር ከመቆለፍ ይሻላል።

ጠያቂ ላይ ሁሉም አንድ ሐሳብ የለውም። እኔ በደፈናው መዝጋትን አልወድም። ሕፃናትና ሆዱን የታመመ ሰው አይምጣ። የአንድ ቤተሰብ አንድ ሰው፣ ቀጥታ ወደ አንድ ክፍል፣ ሲገባም ሲወጣም በሳሙና ታጥቦ። እንዲያውም ልጅ እናቷን በማንኪያ ብታጠጣ ለእናንተ እጅ ነው። አዲስ ነዋሪ መቀበልና ሰው ወደ ሌላ ማዕከል ማዛወር ግን ይቁም። ሆስፒታል የሚሄድ ካለ አምቡላንሱም ሆስፒታሉም አስቀድሞ ይነገረው።

---

የቀድሞ ኃላፊ

ማንበብ ብቻ ነበር ያሰብኩት። ግን ያቺ "ሆዴን ይቆርጠኛል" እያለች የሠራችው ልጅ አላስተኛችኝም።

እኔ ማዕከል ሳስተዳድር ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል። በፖስተራችን ላይ "ከታመማችሁ አትምጡ" ይላል። ያልመጣ ሰው ግን የዚያን ቀን ደመወዝ አያገኝም ነበር። አንድ ተንከባካቢ መኪና ማቆሚያው ላይ አስመልሳ፣ አፏን አጥባ ገባች። ኋላ ስጠይቃት "የቤት ኪራይ አለብኝ" አለችኝ። ምን እላታለሁ? እሷ የሠራችበት ፎቅ በ3 ቀን ውስጥ አለቀ። ከሌላ ቦታ ምትክ ሠራተኛ በውድ ቀጠርን። የዚያች ልጅ የ3 ቀን ደመወዝ ከዚያ ወጪ ጎን ሲታይ ኢምንት ነበር።

ከዚያ በኋላ አለቆቼን ጨቅጭቄ፣ በሆድ በሽታ የቀረ ሰው ከነ48 ሰዓቱ እንዲከፈለው አደረግሁ። ይዋሻሉ ብለው ነበር። ጥቂቱ ዋሽቶ ይሆናል። ይዋሽ።

የአንተን ኃላፊ አላውቀውም። ምናልባት ይህን ውይይት አሳየው። ሰው እንደሌለው አውቃለሁ፤ ዛሬ አንዷን ቢያሳርፍ ግን ከነገ ወዲያ አራት ሰው አይጎድልበትም።

---

ጓንት ለባሽ

"ይዋሽ" 👏👏

---

የአዳር ፈረቃ

6ኛ ቀን ነው። እንዳትጨነቁ ብዬ ነው የተመለስኩት።

በጠቅላላው 11 ነዋሪና 4 ሠራተኛ ታመመ። አባት ያን ሌሊት ሆስፒታል ሄዱ፣ ግሉኮስ ተሰጥቷቸው በ2ኛው ቀን ተመለሱ። ሐኪሙ የሚያሸናውን ክኒን ለጊዜው አቁሞት ነበር። ዛሬ ነርሷን ሲቆጡ ሰማኋቸው፣ ድነዋል ማለት ነው። እናትን አልቆለፍንባቸውም። አንዲት የጽዳት ባልደረባ ከኋላ ከኋላቸው ባልዲ ይዛ ስትዞር ዋለች፣ ኋላ ላይ አብረው መወልወል ጀመሩ።

የላብራቶሪው ውጤት ትናንት መጣ። ኖሮ ቫይረስ ነው። ኃላፊው ወረቀቱን አይቶ "ይኸው አወቅን" አለ። ሳቄን እንደምንም ያዝኩት። ግን ባልደረባዬን ከ2ኛው ቀን ጀምሮ አሳርፏታል፣ ይከፈላታልም ብሏል። ውይይቱን አንብቦታል መሰለኝ።

አዲስ የታመመ ሰው ከሌለ 2 ቀን ሆነን። መመገቢያ አዳራሹን መቼ እንክፈት? ደግሞ መጀመሪያ ያስመለሱት እናት ክፍል ምንጣፍ አለ። ደርቋል፣ ምንም አይታይም። ልተወው?

---

ሲስተር ነኝ

እንኳን ደስ አለህ። ቦታው ሁሉ አንድ ሕግ የለውም። የጤና ጽሕፈት ቤቱ የሚላችሁን ያዙ። እኔ ብሆን ከመጨረሻው ታማሚ በኋላ 4 ቀን እቆጥራለሁ፣ ማለትም 48 ሰዓቱን ሁለት ጊዜ። የዳኑት ሰዎች ለ2 ሳምንትና ከዚያም በላይ በሰገራ ቫይረሱን ሊያወጡ ይችላሉ፣ ስለዚህ የእጅ መታጠቡ አዳራሹ ተከፈተ ተብሎ አይቆምም። ሠራተኞቹም እንደዚያው። ደግሞ "አንዴ ይዞናል፣ አይደግመንም" አትበሉ። ዓይነቱ ብዙ ነው።

---

ቀዩ ባልዲ

ምንጣፉን እንዳትተወው! የደረቀ ማለት የሞተ ማለት አይደለም፤ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል። በመጥረጊያ ማሽንም አትምጠጡት፣ አቧራውን ወደ አየር ትበትኑታላችሁ። በረኪና ደግሞ ቀለሙን ያበላሸዋል። በእንፋሎት ማሽን ነው፣ 70 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ፣ ቦታ በቦታ። የጨርቅ ወንበር ካለም እሱንም።

ማሽን ከሌላችሁ ጠቅልላችሁ አውጡት። የሚያወጣው ሰው ማስክና ጓንት ያድርግ። ያቺ ባልዲ ይዛ የዞረችው ልጅ እንድታወጣው አታድርጉ ግን፤ እሷ ትረፍ።